ጋሽ ብልጭታና ያልተነገረው ኪሎ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ጋሽ ብልጭታ" የሚላቸው ባትሪ ጠጋኝ በኤሌክትሪክ በምትሄደው መኪናቸው ስር በጀርባቸው ተንጋለው ክዳን ይፈልጉ ነበር። በአንድ እጃቸው የባትሪ ውሃ ጠርሙስ፣ በሌላው የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ይዘዋል። ፍለጋው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። አርባ ዓመት ሙሉ ባትሪ ሲያክሙ ውሃ መጨመሪያ ክዳን የሌለው ባትሪ ገጥሟቸው ስለማያውቅ፣ የዚህችም ክዳን ፋብሪካው ሆን ብሎ ደብቆት እንጂ የትም አልሄደም ብለው ደምድመዋል።

ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። የደከመ ባትሪ ሲመጣላቸው ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ነካ ያደርጉና የምትዘለውን ብልጭታ አይተው፣ "ይቺ ሁለት ወር አላት"፣ "ይቺ እንኳ ዛሬ ታርፋለች" እያሉ ይፈርዳሉ። ፍርዳቸው ብዙ ጊዜ ይሰምራል። ሳይሰምር የቀረ እንደሆነ ጥፋቱ የባለመኪናው ነው። አሁንም ያቺ ሽቦ ኪሳቸው ውስጥ ተጠቅልላ ክዳኑ እስኪገኝ ትጠብቃለች።

ሁለት ጥቁር ጫማዎች መጥተው ከመኪናው ጎን ሲቆሙ አዩ።

"ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ሙሉ ሰውነትዎ አለ ወይስ እግርዎን ብቻ ነው የተዉልን?"

ድምፁን አወቁት። የእህታቸው ልጅ ናት። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አውቶቡሶች በሚገጣጠሙበት ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስትጽፍ ትውላለች ይባላል። ሁልጊዜ የምትመጣበት መንገድ ሊጠገን ተቆፍሮ ስለተዘጋ ነው ዛሬ በዚህ በኩል ያለፈችው። ያ ጉድጓድ ባይቆፈር ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፈው በሌላ፣ ምናልባትም በሐዘን ቃና ይሆን ነበር።

"አለሁ፣ የኔ ልጅ፤ አለሁ። ይቺ መኪና ውሃ ጠምቷት ነው። ዳገት ላይ ትለግማለች። ክዳኗን ካገኘሁ ውሃዋን ሞልቼ፣ ብልጭታዋንም አይቼ እጨርሳለሁ።"

ጫማዎቹ ባሉበት ደረቁ።

"ጋሼ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ምንም ሳይነኩ ይውጡ።"

"ምነው?"

"መጀመሪያ ይውጡ፤ ከዚያ እነግርዎታለሁ።"

ጋሽ ብልጭታ እያጉረመረሙ ወጡ። ሽማግሌ ሰው ከመኪና ስር ሲወጣ ክብሩን ይዞ መውጣት እንደማይችል ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አቧራቸውን አራገፈችላቸው።

"ባትሪው ውሃ የሚጠጣ ዓይነት አይደለም፤ ሊቲየም ነው፤ ታሽጎ ነው የሚመጣው" አለች። "ደግሞ ከዚህ ቀደም በሽቦ ሲነኩ የኖሩት የአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው አራት መቶ ቮልት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ያቺ ሽቦ ብትነካው ብልጭታውን የምናየው እኛ ነን እንጂ እርስዎ አይደሉም።"

ጋሽ ብልጭታ እጃቸውን ቀስ አድርገው ከኪሳቸው አወጡ።

"ታዲያ ምን ልሁን? ሐሙስ የባለቤቴ ቀጠሮ ነው። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ሊያደርጉላት። ስምንት ወር የጠበቅነው ተራ ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ካልተገኘን ሌላ ስምንት ወር። ሆስፒታሉ ደግሞ ያለው ዳገቱ አናት ላይ ነው።"

"በታክሲ ይውሰዷቸዋ!"

"የባትሪ ሐኪም ሚስት መኪናዋ ዳገት አልወጣ ብላት በታክሲ ሄደች ከተባለ እኔ ሱቄን ልዝጋ? በተለይ ያ ዳገቱ ላይ ያለው ጎሚስታ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚተርበው፣ እስክሞት ያወራብኛል።"

ለኩራት ብሎ የሚስትን ጉልበት ለአደጋ ማጋለጥ ከጨዋ ሰው የማይጠበቅ ነው። ነገር ግን በሙያ የተገኘ ስም እንደ ልብስ ወልቆ የሚሰቀል አይደለምና አንፍረድባቸው።

ልጅቷ በሱቁ በር ደፍ ላይ ተቀመጠች። "እስቲ መኪናዋን እንዴት እንደሚይዟት ይንገሩኝ።"

"እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት! አንደኛ፣ ጢም ሳትል ከመሰኪያዋ ነቅያት አላውቅም፤ ሞልታም እዚያው እንደተሰካች ነው የምታድረው። ሁለተኛ፣ ብርድ እንዳይመታት ከጎረቤታችን ዳቦ ቤት የምድጃ ግድግዳ ጋር አስጠግቼ አቆማታለሁ። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን ፀጥ እስክትል ነድቼ አስርባታለሁ። የድሮ ስልኬን እንደዚያ አድርጌ ነው አሥር ዓመት ያኖርኩት።"

"ጋሼ፣ ሊቲየም ባትሪ ልግደል ብሎ የተነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ አያውቅም።"

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እውነቴን ነው። ሁለት ክፍል ያለው ቤት ያስቡ። በመካከሉ አንድ በር አለ። ቻርጅ ሲያደርጉ ሰዉ ሁሉ ከግራው ክፍል ወደ ቀኙ ይገባል፤ ሲነዱ ደግሞ ከቀኙ ወደ ግራው ይመለሳል። ኤሌክትሪክ የሚሰጥዎት ያ መመላለስ ነው። አሁን ቀኙን ክፍል ጢም አድርገው ሞሉት፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ አነደዱበት። ምን ይሆናል?"

"ሰዉ ይታፈናላ።"

"ይታፈንና ጥቂቱ በሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በማግስቱ የሚወጣው ሰው ያንሳል፤ በሩም ይጠባል። ሜዳ ላይ ግድ የለም፤ አንድ አንድ እያለ ይወጣል። ዳገት ላይ እርስዎ እግርዎን ጫን ሲያደርጉ ግን 'ሁላችሁም ባንዴ ውጡ!' ማለትዎ ነው። በሩ ላይ ይጋፋሉ። ቮልቱ ይወርዳል፤ መኪናዋም ራሷን ለማዳን ስትል ትለግማለች።"

ጋሽ ብልጭታ መፍቻቸውን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ መግባቱን ማሳየት ነው ያልፈለጉት።

"አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው? ገብተሽ አይተሻል?"

"ሥራዬ ነው። ያንን ቤት በቁጥር እሠራዋለሁ። በሩ ስንት ነው፣ ሙቀቱ ስንት ነው፣ ስንት ሰው ቀርቷል፤ ከእውነተኛው ባትሪ እለካና በኮምፒውተር ውስጥ አምሳያውን እሠራለሁ። ሞዴል እንለዋለን።"

"የሠራሽው ባትሪ መኪና ያስነሳል?"

"አያስነሳም።"

"አምፖልስ ያበራል?"

"አያበራም።"

"እና ለዚህ ደሞዝ ይሰጡሻል?"

"ይሰጡኛል" አለች እየሳቀች። "የኔዋ ባትሪ ሥራዋ መሞት ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ሺህ ጊዜ አሞቃታለሁ፣ ሺህ ጊዜ ዳገት አስወጣታለሁ፣ እገድላታለሁ። እውነተኛዋ ባትሪ አንድም ቀን ሳትሞት የምትሞትበትን ምክንያት አውቃለሁ።"

ያን ዕለት በዚህ ተለያዩ። ልጅቷ ከመሪው ስር ባለችው ትንሽ መሰኪያ የክብሪት ሳጥን የምታክል መሣሪያ ሰክታ፣ "ነገ እንደ ልማድዎ ይንዱ፤ እሷ ትመዘግባለች" ብላ ሄደች። ጋሽ ብልጭታም ማክሰኞን ሙሉ፣ መሣሪያዋ የምትታዘባቸው ሰው ይመስል ኮስተር ብለው ነዱ።

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ ቤታቸው መጣች። ባለቤታቸው እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ብዙ የተጠማዘዙ መስመሮች ዘረጋች።

"መኪናዋ ውስጥ ዘጠና ስድስት ሴሎች፣ ትናንሽ ባትሪዎች፣ ተያይዘው ቆመዋል" አለች። "ዘጠና አምስቱ ደህና ናቸው ባይባልም ዳገት ያወጣሉ። ሥልሳ አንደኛዋ ናት የታመመችው። ከምድጃው ግድግዳ በኩል ያለችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። እሷ ስትወድቅ ሁሉም ይቆማሉ።"

"ዘጠና አምስት ጤነኛ በአንዲት?" አሉ ጋሽ ብልጭታ።

"ምን ይገርማል!" ባለቤታቸው ከወንበራቸው ገቡበት። "እኔ ልቤ ደህና፣ ሳንባዬ ደህና፣ ምላሴ ደህና፣ በአንድ ጉልበት ምክንያት አይደል እንዴ ከቤት የቀረሁት?"

"ምላስሽ ደህና መሆኑን እንኳ እመሰክራለሁ።"

ልጅቷ ቶሎ ወደ ነገሯ ተመለሰች። "አሁን የነገውን መንገድ ላስላ። የመኪናዋን ክብደት አውቀዋለሁ፤ የርስዎንም ነግረውኛል። እትዬ፣ እርስዎ ስንት ኪሎ ነዎት?"

ሴትየዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ለምንሽ ነው?" አሉ ባለቤታቸው።

"ለስሌቱ። ክብደት ሲጨምር ዳገቱ ይከብዳል።"

"ሥልሳ ሁለት" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጋሽ ብልጭታ ሚስታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃልና ዝም አሉ።

"ዕቃስ? መኪናዋ ውስጥ የተጫነ ነገር አለ?"

አሁን ተራው የጋሽ ብልጭታ ነበር። "ምንም የለ" አሉ፤ እሳቸውም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ልጅቷ ቁጥሮቹን አስገባች። ጥቂት ቆይታ፣ "እንደ ልማድዎ ተንደርድረው ከወጡ ነገ ሆስፒታል አትደርሱም። ዳገቱ መካከል ካለው መስታወት ቤት አጠገብ ትቆማላችሁ" አለች።

ጋሽ ብልጭታ ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ዳገቱን ዓይቶት የማያውቅ ኮምፒውተር ነው የምቆምበትን ቤት የሚነግረኝ? ይኸው መኪናዬ! ይኸው ዳገቱ! አሁኑኑ እንውጣ!"

"እኔም እመጣለሁ" አሉ ባለቤታቸው። "ነገ ራሴን ለዚህች መኪና የምሰጥ ከሆነ ዛሬ ልያት።"

ሦስቱም ወጡ። ልጅቷ የራሷን ክብደት ግራም ሳትደብቅ ስሌቱ ላይ ጨምራ ከኋላ ተቀመጠች። ጋሽ ብልጭታ ከዳገቱ ስር ጀምረው፣ በቤንዚን መኪና ዘመን እንደለመዱት፣ እግራቸውን እስከ ወለሉ ጫኑት። ዳገት በፍጥነት ነው የሚበላው ብለው ያምናሉ። መኪናዋ መጀመሪያ እንደ ወፍ በረረች። ፊታቸው በራ፤ በመስታወቱ ወደ ኋላ ልጅቷን አዩና፣ "እንዴት ነው ታዲያ?" አሉ። ነገሩን ሳይጨርሱት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣ መኪናዋ አቃሰተች፣ ዘገመች፣ ቆመች።

የቆሙት መስታወት ቤቱ ጋ አልነበረም። ከዚያ አራት መቶ እርምጃ ቀድሞ፣ ልክ ከጎሚስታው ደጃፍ ነበር።

"ጋሽ ብልጭታ! ጎማ ነው ወይስ ባትሪ?" አለ ጎሚስታው ከተቀመጠበት ሳይነሳ። "ባትሪ ከሆነ ጥሩ ሐኪም አውቃለሁ፤ እታች ነው ያለው!"

ጋሽ ብልጭታ ግን አልተናደዱም። እንዲያውም ደስ አላቸው።

"ተሳሳተ! ኮምፒውተርሽ ተሳሳተ! መስታወት ቤት አለ፤ እኛ ያለነው ጎማ ቤት! አራት መቶ እርምጃ!"

የራስ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ፣ ጎሚስታ እየሳቀ፣ ባለቤት እየተበሳጩ፣ ሰው በሌላ መሳሳት ይህን ያህል ከተደሰተ ነገሩ ከባትሪም አልፏል። ልጅቷ ግን ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ግንባሯን ቋጥራ ነበር።

"ቮልቱ ልክ ነው" አለች ለራሷ። "ሙቀቱ ልክ ነው። ሥልሳ አንደኛዋ ወደቀች፤ እሱም ልክ ነው። ግን መኪናዋ ከነገራችሁኝ በላይ ከብዳለች።" ጥቂት ጻፈች። "ጋሼ፣ እትዬ፣ እዚህ መኪና ውስጥ እኔ የማላውቀው ወደ አንድ መቶ ሃያ ኪሎ የሚጠጋ ነገር አለ።"

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ።

"ጋሼ?"

ጋሽ ብልጭታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወርደው የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶባጋሊዮውን፣ ከፈቱ። ውስጡ በጆንያ የተሸፈኑ አራት የድሮ የጭነት መኪና ባትሪዎች ተደርድረው ነበር።

"ለክፉ ቀን ብዬ ነው" አሉ። "ያቺ ብትከዳኝ እነዚህ አይከዱኝም ብዬ።"

"እነዚህ ለዚህች መኪና ምን ያደርጉላታል?"

"ምንም። ግን ሲኖሩ ልቤ ይረጋል።"

"እያንዳንዱ ስንት ኪሎ ነው?"

"ሃያ አምስት ሃያ አምስት።"

"አንድ መቶ።" ልጅቷ ላፕቶፗን አየች። "ሃያ ገደማ ይቀራል።"

ጎሚስታው እንኳ ነገር እንዳለ ገብቶት አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ነበር። ጋሽ ብልጭታ ወደ ሰማይ አዩ።

"እ... ጫማዬን ጨምሬ አልነገርኩሽም ነበር" አሉ ባለቤታቸው በመጨረሻ።

"እትዬ፣ የሃያ ኪሎ ጫማ?"

"ሰማንያ ብልሽስ! ምን ይጠቅምሻል!" አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከነጠላው ውስጥ ሳቃቸው አመለጠ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ባንድነት ፈነዱ።

ልጅቷ እውነተኛውን ቁጥር አስገባች። ያቺ በስሌት የተሠራች መኪና እንደገና ዳገቱን ጀመረች፣ ወጣች፣ ቆመች። የቆመችበት ቦታ ከጎሚስታው ደጃፍ አሥራ አምስት እርምጃ እልፍ ብሎ ነበር።

ጋሽ ብልጭታ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ። በአርባ ዓመት የብልጭታ ፍርዳቸው የብዙ ባትሪ ዕድሜ ተናግረዋል። የሰው ውሸት ግን በኪሎ መዝነው አያውቁም።

"ይቺ የስሌት መኪና ፖርቶባጋሊዮውን ሳትከፍት አወቀችው" አሉ ቀስ ብለው። "ሚስቴን ሳታይ አወቀቻት።"

"እኛ ሐሰት ሰጠናት፤ እሷ ግን አልቀበልም አለች" አለች ልጅቷ። "ጋሼ፣ የርስዎን ዓይን አልንቅም። ብልጭታ ግን የሚነግርዎት ያቺን ቅጽበት ብቻ ነው። ነገ ዳገቱ ላይ የሚሆነውን አይነግርዎትም።"

"ነገን ማወቅ ነው እንግዲህ የቸገረኝ" አሉ ጋሽ ብልጭታ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አየሽ፣ ሌሊት ሌሊት ጉልበቷን ይዛ ስታለቅስ የማልሰማ ይመስላታል። አድርሺኝ የኔ ልጅ። እንዴት እንደምነዳ ንገሪኝና እነዳለሁ።"

ባለቤታቸው ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሱ። እጃቸውንም የባላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

መኪናዋ አርፋ ነፍስ ስትዘራ ወደ ቤት ወረዱ። ልጅቷ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ዳገቱን መቶ ሃምሳ ጊዜ ወጣችው። በፍጥነት ወጣችው፣ በዝግታ ወጣችው፣ ሙቀቱን ጨምራም ቀንሳም ወጣችው። አንድም ጊዜ የጋሽ ብልጭታን ባትሪ አላደከመችም። አመሻሽ ላይ፣ "ትደርሳላችሁ" አለች። "ባትደርሱ ኖሮ ታክሲውን ራሴ ነበር የምጠራው። አራቱ ባትሪዎች ይውረዱ። መኪናዋ ዛሬ ከምድጃው ርቃ ጥላ ውስጥ ትደር። አሁን ቻርጅዋን ሰማንያ በመቶ ላይ እናቁመው፤ ጠዋት ልትነሱ ስትሉ ትሞላለች። ዳገቱን በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ እግርዎን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይውጡ። ሰዎቹ በጠባቡ በር አንድ አንድ እያሉ ይውጡ።"

"ሃያ አምስት? ብስክሌት ይቀድመኛል!"

"ይቅደምዎት።"

ሐሙስ ጠዋት ብስክሌት ቀደማቸው። አህያ የሚጎትተው ጋሪም ሊቀድማቸው ምንም አልቀረውም ነበር። ከኋላቸው የተሰለፉት መኪናዎች ክላክሳቸውን አላቆሙም። ጎሚስታው፣ "ጋሼ፣ ገፋ ላድርግልዎት?" እያለ ከጎናቸው በእግሩ ተራመደ። ጋሽ ብልጭታ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከፍጥነት መለኪያው ሳይነቅሉ፣ "አንድ አንድ እያላችሁ... አትጋፉ... አንድ አንድ..." እያሉ ከባትሪው ጋር ያወሩ ነበር። ጎማ ቤቱን አለፉ። መስታወት ቤቱን አለፉ። ቢጫው መብራት አልበራም። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ልጅቷ ቀድማ በምትጠብቅበት የሆስፒታሉ በር ቆሙ፤ ጋሽ ብልጭታም እንባቸው መጣ። ላብ ነው አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

ውስጥ አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ መጣች። "ክብደት ስንት ነው እናቴ?"

"ሥልሳ..." ብለው ጀመሩ ባለቤታቸው።

"ትክክሉን እናቴ፤ የሚያደነዝዝዎትን መድኃኒት የምንለካው በኪሎ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከሰጡን ወይ ያንስብዎታል ወይ ይበዛብዎታል።"

ባለቤታቸው ባላቸውን አዩ፤ የባላቸውን እህት ልጅ አዩ። ያቺ በጎማ ቤቱ ደጃፍ የቆመች መኪና ትዝ ሳትላቸው አልቀረችም።

"ሚዛኑ የት ነው?" አሉ፤ ነጠላቸውንም ጫማቸውንም አውልቀው ወጡበት።

ሰማንያ አንድ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁሉ ስሌት ይማር ለማለት አልጻፍኩትም። ነገር ግን በግምትና በልማድ ስንት ጤነኛ ነገር እየገደልን እንደምንውል ከጋሽ ብልጭታ መማር ይቻላል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ መኪናቸውን ከምድጃው አርቀው ያቆማሉ፣ ሩቅ መንገድ ከሌለ በቀር ሰማንያ በመቶ ላይ ከመሰኪያው ይነቅላሉ፣ በወር አንድ ቀን ማስራቡንም ትተዋል። የታመመችዋን ሴል ጓንት ያጠለቁ ባለሙያዎች ለወጡላቸው፤ እሳቸው ከሦስት እርምጃ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተመለከቱ። ያቺ ሽቦ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅላለች። አሁን ዳገቱን በሠላሳ አምስት ይወጡታል፤ ጎሚስታውም የራሱን የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ይዞ ምክር ሊጠይቅ ወርዶ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንትም አንድ እንግዳ ሰው ከነመኪናው መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ዳገት ላይ ትለግምብኛለች፤ እስቲ ብልጭታዋን ይዩልኝ" አላቸው።

ጋሽ ብልጭታ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ ሰውየውን በጥርጣሬ አዩት።

"ብልጭታ ቀርቷል፣ ወንድሜ። መጀመሪያ የምጠይቅህን በእውነት መልስልኝ። ፖርቶባጋሊዮህ ውስጥ ምን ጭነሃል? ሚስትህስ ስንት ኪሎ ናት?"

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ያለ ምርኩዝ በሁለት እግራቸው ደረጃውን የሚወርዱት የጋሽ ብልጭታ ባለቤት ከላይ ተጣሩ።

"እሱን እንዳትጠይቀው! ሚዛን እዚሁ አለን፤ ይዟት ይምጣ!"